አንገት መቼ ይዙር፣ መቼ ይርጋ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ በፊዚዮቴራፒ ሙያ ስሠራ ደጋግሜ የማየው ነገር አለ። አንገቱን ያመመው ሰው ፎጣ ወይም ሻርፕ ጠምጥሞ፣ ትከሻውን ወደ ጆሮው ሰቅሎ፣ ጎኑ የተቀመጠውን ሰው ለማየት መላ ሰውነቱን እያዞረ ይገባል። «እንዳላንቀሳቅሰው ተነግሮኛል» ይላል። በሌላ ቀን ደግሞ ከባህር ዛፍ መወጣጫ ላይ የወደቀ የቀን ሠራተኛ፣ ሁለት ጓደኞቹ በብብቱ አንጠልጥለው፣ ራሱ ወዲያና ወዲህ እየተንገላታ፣ ባጃጅ ላይ አስቀምጠውት ይመጣል። ለመጀመሪያው ሰው ከመንቀሳቀስ የሚሻል መድኃኒት እምብዛም የለም። ለሁለተኛው ከመንቀሳቀስ የከፋ አደጋ የለም። እኛ የምናደርገው ግን ግልባጩን ነው፤ መዞር ያለበትን አንገት እናስራለን፣ መርጋት ያለበትን እንጎትታለን። ይህ ጉዳይ እንቅልፍ ይነሳኛል። አንገት ከምን እንደተሠራና እንዴት እንደሚዞር የሚያውቅ ሰው ሁለቱን የሚያምታታ ስለማይመስለኝ፣ ከአጥንቱ ልጀምር።

የአንገት አጥንቶች 7 ናቸው። ራሳችሁን ዝቅ አድርጋችሁ በጣታችሁ ማጅራታችሁን ወደ ታች ብትዳስሱ፣ የሸሚዝ ኮሌታ የሚያርፍበት አካባቢ ጎላ ብሎ የሚወጣ አጥንት ታገኛላችሁ፤ እሱ አብዛኛውን ጊዜ የመጨረሻው፣ ሰባተኛው ነው። የመጀመሪያውን ግን ከኋላ በኩል በጣት ማግኘት አይቻልም፤ ከራስ ቅል ስር ጠልቆ ተደብቋል። የሚገርመው ቁጥሩ የሰው ብቻ አለመሆኑ ነው። በሬውም፣ አህያውም፣ አይጧም 7 አላቸው። አንገተ ረጅሟ ቀጭኔም ያላት 7 ነው፤ እያንዳንዱ አጥንት ረዘመ እንጂ ቁጥሩ አልጨመረም። ከአጥቢ እንስሳት ከዚህ የሚወጡት በጣም ጥቂቶች ናቸው።

ከሰባቱ ከላይ ያሉት ሁለቱ ለብቻቸው መታየት አለባቸው። የመጀመሪያው፣ በሕክምና ቋንቋ አትላስ የሚባለው፣ እንደ ሌሎቹ ወፍራም አካል የለውም፤ ቀለበት ነው። የራስ ቅል ከታች በግራና በቀኝ ሁለት ጉብታዎች አሉት፤ እነሱ በቀለበቱ ሁለት ጎድጓዳ ጎኖች ላይ ይቀመጣሉ። በዚህ መገጣጠሚያ ራስ ወደ ፊት ይደፋል፣ ወደ ኋላ ይቀናል፤ ወደ ጎን መዞር ግን እምብዛም አይችልም። ወሬ እየሰማን አዎ ለማለት አየር ሳብ አድርገን ራሳችንን ቀና ስናደርግ የሚሠራው እሱ ነው።

ሁለተኛው አክሲስ ይባላል። ከላዩ ወደ ሰማይ የቆመ ጉጥ አለው። ጉጡ ከፊት በኩል በቀለበቱ ውስጥ ይገባል፤ ከጉጡ ጀርባ ደግሞ አንድ ጠንካራ ጅማት አግድም ተወጥሮ፣ በአከርካሪ ውስጥ ወደሚወርደው የነርቭ ገመድ፣ ወደ ህብለ ሰረሰር፣ እንዳይሸሽ ይይዘዋል። በቆዩ የገጠር አብያተ ክርስቲያናት የብረት ማጠፊያ የሌላቸው የእንጨት በሮች አሉ፤ ከሳንቃው ጋር አብሮ የተጠረበው እግር መድረኩ ላይ በተቦረቦረ ጉድጓድ ገብቶ ይዞራል። ራሳችንም እንዲሁ ነው የሚዞረው፤ ልዩነቱ እዚህ ጉጡ ቆሞ ቀለበቱ ራስን ተሸክሞ በዙሪያው መሄዱ ነው። ጤነኛ ወጣት ወደ አንድ ጎን ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ገደማ ይዞራል፤ ከዚህ ግማሽ ያህሉን የሚሰጠው ይህ አንድ መገጣጠሚያ ነው። የቀረውን ከታች ያሉት አምስቱ አጥንቶች ትንሽ ትንሽ እያዋጡ ይሞሉታል።

እምቢ ብለን ራሳችንን ስንነቀንቅ፣ መንገድ ልንሻገር ግራና ቀኝ ስናይ፣ ዘመድ አግኝተን ጉንጭ ለጉንጭ ስንሳሳም የምንጠቀመው ይህንኑ ነው። «አንገት የተሠራው አዙሮ ለማየት ነው» ይባላል፤ በአጥንቱ በኩልም ልክ ነው።

ከሁለተኛው አጥንት በታች ነገሩ ይለወጣል። በየሁለቱ አጥንቶች መካከል ዲስክ የምንለው ተለማጭ ትራስ ይገባል፤ ከላይ በነበሩት ሁለት መገጣጠሚያዎች ዲስክ የለም። ከኋላ ደግሞ እያንዳንዱ አጥንት በግራና በቀኝ ከታችኛው ጋር የሚንሸራተትባቸው ትንንሽ ገጾች አሉት፤ ገጾቹ ወደ 45 ዲግሪ ያጋደሉ ናቸው። በዚህ ምክንያት የታችኛው አንገት ወደ ጎን ሲያዘነብል ሳይዞር አይቀርም። ጆሯችሁን ወደ ትከሻችሁ ስታስጠጉ ፊታችሁ ቀጥ ብሎ የሚቀረው ታችኞቹ ወደዚያው ጎን ሲዞሩ ከላይ ያሉት ሁለቱ በተቃራኒው ስለሚመልሱት ነው። ይህ ሁሉ ሲሆን እኛ አናውቅም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሞክሩልኝ። የሁለት እጆቻችሁን ጣቶች ከራስ ቅላችሁ ጠርዝ ስር፣ ከጆሯችሁ ጀርባ ወደ መሀል ጠጋ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ዓይናችሁን ጨፍኑ። ራሳችሁን ሳታንቀሳቅሱ ዓይናችሁን ብቻ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ወደ ግራ ውሰዱ። ጣታችሁ ስር የሆነ ነገር ሲኮማተርና ሲላላ ይሰማችኋል። በጣም ትንንሽ ጡንቻዎች ናቸው፤ ነገር ግን ርዝመታቸውን ለአንጎል በሚያሳውቁ የስሜት ሕዋሳት የተሞሉ ናቸው። አንጎል ራስ የት እንዳለ የሚያውቀው ከዓይንና ከውስጠኛው ጆሮ ጋር የእነዚህን መልእክት አስተባብሮ ነው። አንገቱን ለሳምንታት አስሮ የከረመ ሰው አንዳንዴ ሲራመድ መወዛወዝ የሚሰማው ለዚህ ይመስለኛል። አንገት ራስን የሚሸከም ዓምድ ብቻ ሳይሆን የስሜት አካልም ነው፤ ስሜት ደግሞ በእንቅስቃሴ ይኖራል።

የበሬ አንገት ከልጅነቴ ጀምሮ ያስደንቀኛል። ቀንበሩ ከሻኛው ፊት ለፊት ያርፋል፣ ማነቆው በግራ በቀኝ ይይዘዋል፤ በሬው ጥንድ ሆኖ ጥቁሩን አፈር ሲገለብጥ ውሎ ማታ ሲፈታ አጎንብሶ መጋጥ ይጀምራል። ራሱ ያን ያህል ከብዶ ሰዓታት አጎንብሶ ሲግጥ የማይዝለው ከራስ ቅሉ እስከ ትከሻው ድረስ የተዘረጋ ወፍራምና ተሳቢ ጅማት ስላለው ነው። ጅማቱ ሲያጎነብስ ይለጠጣል፣ ሲቀና ራሱ መልሶ ይስበዋል፤ ጡንቻው ብዙ አይደክምም። እኛም በማጅራታችን መሀል የዚያ ጅማት ቅሪት አለን፤ ግን ስስ ነው፣ የበሬውን ያህል አያግዝም። ቀጥ ብሎ ለሚሄድ ፍጥረት ያን ያህል አያስፈልገውም ነበር። ችግሩ ግን ቀጥ ብለን የማንውል መሆናችን ነው።

የጎጃም ሴት በክረምት የጤፍ አረም ስታርም፣ ገበሬው ማጭድ ይዞ ሲያጭድ፣ ልጁ ስልኩን ጭኑ ላይ አድርጎ ሲያይ፣ ከ4.5 እስከ 5 ኪሎ ግራም የሚመዝነውን ራስ የሚይዙት የማጅራት ጡንቻዎች ናቸው። ኬነዝ ሃንስራጅ የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተመው ስሌት አንገት 60 ዲግሪ ሲያጎነብስ በአከርካሪው ላይ የሚያርፈው ጫና 27 ኪሎ ግራም ገደማ ይደርሳል። ቁጥሩ በየማኅበራዊ ሚዲያው የዞረና ብዙ ሰው ያስፈራ ነው። እኔ አንድ ነገር ብቻ እጨምርበታለሁ፦ በሞዴል የተሰላ እንጂ በሕያው ሰው አንገት ላይ የተለካ አይደለም። ጫናው መጨመሩ እውነት ነው፤ አንገት ግን ጫና እንዲችል ሆኖ ነው የተሠራው። የሚጎዳው ማጎንበሱ ሳይሆን ሳይለዋወጡ አጎንብሶ መቅረቱ ነው። አራሚዋ በየመሀሉ ቀና ብላ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ሰማይ የምታየው ልማድ ከማንኛውም የአንገት ማሰሪያ ይበልጣል። የአብነት ትምህርት ቤቶቻችንም ይህን በራሳቸው መንገድ ያወቁት ይመስለኛል፤ ትልቁ የብራና መጽሐፍ አትሮንስ ላይ ከፍ ብሎ ይዘረጋል፣ አንባቢው ቀና ብሎ ያነባል። ቤታችሁ ተማሪ ያለ እንደሆነ፣ ስልኩንና መጽሐፉን ወደ ዓይን ከፍ ማድረግ ዋጋ አያስከፍልም።

ስለ እስክስታ ሳልናገር አላልፍም። ሠርግ ላይ ጎጃሜዎች ሲጨፍሩ ልብ ብላችሁ እዩ። ትከሻው ይመታል፣ ደረቱ ይርገፈገፋል፤ አንገት ግን አገጭ ሳይነሳና ሳይወርድ ወደ ፊት ይሄድና ወደ ኋላ ይመለሳል። ራስ በቀጥታ ወደ ፊት ሲሄድ የታችኞቹ አጥንቶች ወደ ፊት ይታጠፋሉ፣ የላይኞቹ ወደ ኋላ ይቀናሉ። ወደ ኋላ ሲመለስ ተቃራኒው ይሆናል። በአንዲት ምት ውስጥ የአንገት ላይና ታች በተቃራኒ አቅጣጫ ይሠራሉ ማለት ነው፤ ዓይን ግን ከተመልካቹ ላይ አይነሳም። በክሊኒክ ለአንገት ሕመም ከምናዝዛቸው እንቅስቃሴዎች አንዱ የዚህ ግማሽ ነው፦ አገጭን ቀጥ አድርጎ ወደ ኋላ መሳብ።

አንድ ጊዜ ከገጠር የመጡ እናት ይህን ላስተምራቸው ስሞክር እንዴትም አልሆነልኝም። «እማማ፣ አገጭዎን ወደ ኋላ ይሳቡ» ስላቸው ጣሪያ ያያሉ። እንደገና ስላቸው አገጫቸውን ደረታቸው ላይ ያስቀምጣሉ። በእጄ ላሳያቸው ስል ደግሞ ትከሻቸው ይገተራል። ከብዙ ጊዜ በፊት ውኃ ሲሸከሙ ቀጭ ያለባቸው አንገት ነው፤ ጎረቤት «ከነካሽው ይቆረጣል» ብሏቸው ፈርተውታል። በመጨረሻ «እስክስታ ይችሉ ነበር?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ማን የማይችል አለ?»

አብራቸው የመጣችው ልጃቸው ሳልነግራት ማጨብጨብ ጀመረች። እናት አግዳሚው ላይ እንደተቀመጡ መጀመሪያ ትከሻቸውን ትንሽ ነቅነቅ አደረጉ፤ ቀጥሎ አንገታቸው ወደ ፊት ተንሸራቶ፣ ልክ እኔ በፈለግሁት መንገድ፣ ዓይናቸው ልጃቸው ላይ እንዳለ ወደ ኋላ ገባ። ሻርፑ ተፈትቶ ጉልበታቸው ላይ ወደቀ። «ይኸን ነው እንዴ ያልኸኝ?» አሉ። አዎ አልኳቸው። በቀን ጥቂት ጊዜ፣ በቀስታ፣ ሳይመቱ እንዲያደርጉት ተስማማን። ከዚያ ወዲህ ማዘዣ ከመጻፌ በፊት የታካሚውን ዘፈን እጠይቃለሁ።

ብዙ ሰው የሚያስፈራው ደግሞ የምርመራ ወረቀቱ ነው። ከብት ሸጦ ኤምአርአይ የተነሳ ሰው «ዲስክህ ወጥቷል ተባልሁ» ብሎ ሞቱን እንደተነገረው ሆኖ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የጃፓን ጥናት ምንም የአንገት ሕመም የሌላቸውን 1,211 ሰዎች በኤምአርአይ አይቶ ነበር፤ 87.6 በመቶ በሚሆኑት ላይ ዲስኩ ገፋ ብሎ ተገኝቷል። ዲስክ ከዕድሜ ጋር ውኃው ይቀንሳል፣ ቁመቱ ያጥራል፣ ገፋ ይላል፤ ይህ በብዙ ሰው አንገት ውስጥ በሰላም የሚኖር ነገር ነው። ወረቀቱ ትርጉም የሚኖረው ከሰውየው ሁኔታ ጋር ሲገጥም ነው።

ሁኔታ የምለው ይህን ነው። ከአንገት 8 ጥንድ ነርቮች ይወጣሉ፤ ታችኞቹ ወደ ክንድና ወደ እጅ ይወርዳሉ። ስድስተኛው ሲቆጣ ወደ አውራ ጣት፣ ሰባተኛው ወደ መሀል ጣት፣ ስምንተኛው ወደ ትንሿ ጣት መደንዘዝ ወይም ማቃጠል ይሰማል። ይህም ቢሆን ብዙውን ጊዜ በጊዜና በጥንቃቄ ይሻላል። ሳይውል ሳያድር ሐኪም ጋ መሄድ የሚያስፈልገው ግን እጅ ቁልፍ መቆለፍ ሲያቅተው፣ እግር ሲጎተት ወይም አካሄድ ሲወላገድ፣ ሽንት መቆጣጠር ሲያስቸግር ነው፤ ያኔ የተያዘው ህብለ ሰረሰሩ ሊሆን ይችላል። ሌላው ትኩሳትና ከባድ ራስ ምታት ያለበት፣ አገጩን ወደ ደረቱ ማድረስ የማይችል ሰው ነው። ማጅራት ገትር ሊሆን ይችላል፤ አንጎልንና ህብለ ሰረሰርን የሸፈነው ስስ ሽፋን ሲቆጣ አንገት ሲታጠፍ ስለሚሳብ ነው የሚገተረው። ያን ሰው ማሸት የለም፣ እስክስታም የለም፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል።

ወጌሻን አከብራለሁ። የተወለቀ ትከሻ ሲመልሱ፣ የተጠመዘዘ ቁርጭምጭሚት ሲያሹ አይቻለሁ፤ ጣታቸው ያውቃል። አንገትን ግን አትስጧቸው። ፀጉር ቤት ተቀምጦ አንገቱን «ቀጭ» እንዲያደርጉለት የሚፈልገውም ያው ነው። ከስድስተኛው አጥንት ጀምሮ እስከ ቀለበቱ ድረስ በግራና በቀኝ በአጥንቶቹ ጎን ባሉ ቀዳዳዎች ውስጥ እያለፈ ወደ አንጎል የሚወጣ የደም ቅዳ ቧንቧ አለ። ራስ በድንገትና በኃይል ሲጠመዘዝ የቧንቧው ውስጠኛ ግድግዳ አልፎ አልፎ ይቀደዳል፤ እዚያ የረጋ ደም ወደ አንጎል ሄዶ ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል። ብዙ ጊዜ አይደርስም። ሲደርስ ግን የማይመለስ ጉዳት ሊተው ይችላል፤ ለአንዲት «ቀጭ» የሚከፈል ዋጋ አድርጌ ልቀበለው አልችልም።

ወደ ወደቀው ሰው ልመለስ፤ ከሁሉ በላይ ሰው እንዲያውቀው የምፈልገው ይህን ነውና። ጎጃም ውስጥ ሰው ከዛፍ ይወድቃል፣ ከመወጣጫ ይወድቃል፣ ባጃጅ ይገለበጥበታል። በአዊ በኩል ጥር 23 ፈረሰኞች በሚያከብሩት ታላቅ በዓልም ሆነ በየሠርጉ ጉግስ ላይ ከፈረስ የሚወድቅ አይጠፋም። ሲወድቅ አጥንቱ ተሰብሮ ህብለ ሰረሰሩ ግን ሳይነካ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። በላይኛው ቀለበት ውስጥ ካለው ስፋት አንድ ሦስተኛውን ጉጡ፣ አንድ ሦስተኛውን ህብለ ሰረሰሩ ይይዛሉ፤ የቀረው አንድ ሦስተኛ ትርፍ ቦታ ነው። በዚያ ቦታ ምክንያት አንገቱ ተሰብሮ በእግሩ የሚቆም ሰው አለ። እኛ ከመሬት በብብቱ ስናነሳው፣ ራሱ ሲንጠለጠል፣ የምናጠፋው ያንን የተረፈውን ቦታ ነው። ድያፍራምን፣ ከሳንባ ስር ያለውን የመተንፈሻ ጡንቻ፣ የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው የአንገት ነርቭ የሚነሳ በመሆኑ፣ ህብለ ሰረሰሩ ከዚያ በላይ ከተቆረጠ ሰውየው ትንፋሹን ያጣል። ከዚያ በታች ከሆነ ይተነፍሳል፤ እጅና እግሩን ግን ሊያጣ ይችላል።

ስለዚህ ሰው ከከፍታ ሲወድቅ ወይም በመኪና ሲገጭ፣ መጀመሪያ አታንሱት። እሳት፣ ውኃ ወይም የሚመጣ መኪና ከሌለ ባለበት ይቆይ። አንድ ሰው ከራስጌው ይንበርከክና ራሱን በሁለት እጁ በግራና በቀኝ ይያዝ፤ አይጎትት፣ አያቃና፣ ዝም ብሎ ይያዝ። መተንፈሱን እዩ፤ ትንፋሽ ከሁሉ ይቀድማል። ውኃ አታጠጡት፣ ከራሱ ስር ትራስ አታድርጉ። ካስመለሰው ራስ፣ ትከሻና ዳሌ በአንድ ጊዜ እንዲዞሩ ሆኖ ወደ ጎኑ ይገልበጥ፤ ትዕዛዝ የሚሰጠው ራሱን የያዘው ሰው ነው፣ ሌሎቹ በእሱ ቆጠራ ይንቀሳቀሱ።

አምቡላንስ ከማይደርስበት ቀበሌ ከሆነ ቃሬዛ አለን። አባቶቻችን ወላድና በሽተኛ የሚያወጡበት የባህር ዛፍ ቃሬዛ ለዚህ ከባጃጅ ወንበር እጅግ ይሻላል፤ ብቻ ገመዱ ሰውየው እንዳይሰምጥ የተወጠረ ይሁን፣ ከተገኘ ከላዩ ሳንቃ ይነጠፍበት። ሁለት ጋቢ ጠቅልላችሁ በራሱ ግራና ቀኝ አስጠጉ፤ ግንባሩን በነጠላ አሻግራችሁ ከሳንቃው ጋር እሰሩት፣ ጉሮሮውን ግን አትንኩ። ደረቱና ዳሌውም ይታሰሩ። ተሸካሚዎቹ እግራቸውን አስተካክለው በቀስታ ይሂዱ። ራሱን የያዘውም ሰው ቃሬዛው ሆስፒታል ደርሶ ሐኪሙ «እኔ ይዤዋለሁ» እስኪለው ድረስ ዓይኑን ከሰውየው ላይ አይንቀል።